ከቀዩ ቢመቱስ? ለጅማው ጠያቂ ስለ ጎልፍ ቲ

ጥያቄው፦ «46 ዓመቴ ነው። ጅማ ውስጥ በቡና ንግድ ነው የምተዳደረው። ጎልፍ የጀመርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራ ውጭ በቆየሁበት ጊዜ ነው። እዚህ ሜዳ ስለሌለን ከከተማ ወጣ ብዬ በቦዬ በኩል ካለ የግጦሽ መስክ፣ ከጉብታ ላይ ወደ ታች እመታለሁ። ጥሩ ከመታሁ በረጅሙ ዱላ፣ በድራይቨር፣ 250 እርምጃ ይሄድልኛል። በመጪው ወር ገዢዎቻችን ዱባይ ላይ 18 ጉድጓድ እንድንጫወት እኔንና ባለቤቴን ጋብዘውናል። የላኩልኝ ካርድ ጥቁር 7,200፣ ሰማያዊ 6,600፣ ነጭ 6,100፣ ቀይ 5,300 ያርድ ይላል። ቀዩ የሴቶች ነው ስለተባልኩ ለባለቤቴ ትቼዋለሁ። እኔ ከሰማያዊው ብመታ ይከብደኛል? ከፊት መምታት ሼም አይሆንም? ረጅም ቲ ብገዛስ ርቀት ይጨምርልኛል? ባለቤቴ ገና ጀማሪ ናት፤ 150 እርምጃ ያህል ትመታለች።»

ከሰማያዊው አይምቱ። ከነጩም አይምቱ። ከቀዩ ይምቱ። ባለቤትዎ ደግሞ ከቀዩም ወደ ፊት መጠጋት አለባቸው። ምክንያቱ ሁሉ ቁጥር ነው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። «ቲ» የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ኳሷ የምትቀመጥባት ትንሽ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ችካል ናት። ሌላው የእያንዳንዱ ጉድጓድ ጨዋታ የሚጀመርበት ስፍራ ነው፤ በሁለት ባለቀለም ምልክቶች መካከል ያለ የተስተካከለ መደብ። ጥያቄዎ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ትልቁ ነገር መደቡ ነው። ችካሏን መጨረሻ ላይ እመጣባታለሁ።

«ቀዩ የሴቶች ነው» የሚለው ወሬ የቆየ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ድሮ ብዙ ክለቦች ሦስት መደብ ብቻ ነበራቸው። የኋላው ለውድድር፣ የመሃሉ ለአባላት፣ የፊተኛው ለሴቶች ተባለ፤ ቀለሙም ስሙም በዚያው ተለጥፎ ቀረ። የጎልፍ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ግን ቀይ የማን እንደሆነ የሚናገር አንቀጽ አያገኙም። ቀለሞቹ ራሳቸው ከአገር አገር ይለያያሉ። እንግሊዞች ነጩን ለውድድር፣ ቢጫውን ለአዘቦት ጨዋታ ነው የሚያደርጉት። ቀለሙን ጥለው ቁጥር ብቻ የሚጽፉ ክለቦችም አሉ፤ ይሄንኑ ሐሜት ሸሽተው ነው።

ከ2020 ጀምሮ የሚሠራበትን የዓለም የሃንዲካፕ ሥርዓት ይመልከቱ፤ ሃንዲካፕ ማለት የተጫዋቾችን የችሎታ ልዩነት በምት የሚያካክስ ቁጥር ነው። ሜዳ ሲመዘን መለኪያዎቹ ሁለት ዓይነት ተጫዋቾች ናቸው፤ ጎበዙ «ስክራች»፣ መካከለኛው «ቦጊ» ይባላል። ወንዱ ስክራች በድራይቨር 250 ያርድ፣ ወንዱ ቦጊ 200 ያርድ ይመታል ተብሎ ይታሰባል። ሴቷ ስክራች 210፣ ሴቷ ቦጊ 150። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ያቺ 210 ያርድ የምትመታ ሴት፣ ቀጥሎ እንደምናየው፣ እርስዎን ትበልጣለች። እሷ ከቀዩ ብትመታ ጨዋታው ስለሚቀልባት ወደ ኋላ ትሄዳለች። ባለቤትዎ ደግሞ ከቦጊዋም ያነሰ ርቀት ነው የሚመቱት። ስለዚህ ቀዩን ለባለቤትዎ «መተው» ውለታ አይደለም፤ 5,300 ያርድ ጭኖ መላክ ነው።

እርስዎ የቡና ሰው ነዎት፤ ይሄ አይጠፋዎትም። ደረጃው ጅማ 5 የሆነ ቡና ጆንያው ላይ 1 ብለው ቢጽፉበት ቀማሹ በማንኪያ ፉት ሲል ያውቀዋል። የመደብ ቀለምም ጆንያ ነው። ውስጡ ያለው ርቀትዎ ነው።

ወደ 250ዋ እንምጣ። ካርዱ በያርድ ነው የተጻፈው፤ እርስዎ የለኩት በእርምጃ ነው። አንድ ያርድ 91.44 ሳንቲ ሜትር ነው። የአዋቂ ሰው የተለመደ እርምጃ 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ያውም በሣርና በጭቃ ላይ ቁልቁል ሲሄዱ ያጥራል። 250ን በ0.75 ስናባዛ 187 ሜትር ተኩል ይመጣል። ወደ ያርድ ስንለውጠው 205 ነው። ገና ከጅማ ሳንወጣ 45 ያርድ ሄደ።

ቀጥሎ ከፍታው። ደጋ ላይ የተማረ ጎልፈኛ ሁሉ የሚስተው ይሄን ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዱባይ ባሕሩ ዳር ናት። እኛ ዘንድ አየሩ ስስ ነው፤ ጥግግቱ ከባሕር ዳሩ በ16 በመቶ ያህል ያንሳል። ስስ አየር ኳሷን ብዙ አይይዛትም፤ ትሄዳለች። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የእጅ ሒሳብ በየ1,000 ጫማ ከፍታ 1.16 በመቶ ርቀት ይጨምራል ይላል። የጅማ ከፍታ በጫማ 5,840 ያህል ነው፤ ሲባዛ ወደ 6.8 በመቶ ይጠጋል። ዱባይ ሲደርሱ ይሄ ጉርሻ ይቀራል። 205ቱ 192 ሆነ። ግብዣው ናይሮቢ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሒሳብ ባልነገርኩዎት ነበር፤ ካረንም ይሁን ሙታይጋ፣ ከፍታቸው ከጅማ ብዙ አይርቅም።

ከፍታው የሚወስደው ርቀት ብቻ አይደለም። የኳስ መጠማዘዝም በአየር ነው የሚሠራው። ስስ አየር ውስጥ ጠማማ ምትም ብዙ አይጠማዘዝም። ጅማ ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ የምታጋድል ኳስ ካለችዎት ዱባይ ላይ ደህና አድርጋ ነው የምትታጠፈው። «ከኢትዮጵያ ስመጣ ቀጥ ብዬ ነበር የምመታው፣ እዚህ ምን ነካኝ?» የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ። ምንም አልነካውም። ያው ጥፋቱ ነው፤ አየሩ ወፍሮ ገለጠው እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ልቁረጥ፤ የዱባይ አየር እርጥብ ስለሆነ ኳስ ይከብዳል የሚሉ አሉ። ተገላቢጦሽ ነው። እርጥብ አየር ከደረቅ አየር በጥቂቱ ይቀላል፤ ልዩነቱ ግን ጨዋታ ላይ አይታይም። ሙቀቱ ግን ጥቂት ያርድ ይመልስልዎታል። ጅማ ላይ ጠዋት በብርድ ከለኩት፣ ከሙቀቱ የሚያገኙት ትንሽ ትርፍ አለ።

የቀረው ጉብታው ነው። ከላይ ወደ ታች የተመታ ኳስ አየር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ያ ርቀት የእርስዎ ሳይሆን የጉብታው ነው። «ጥሩ ከመታሁ» የሚለውም ቃል አለ። ሜዳ ላይ ሁልጊዜ ጥሩ አይመቱም። መደብ የሚመረጠው በተለመደው ምት ነው፤ ለጓደኛ በሚተረከው ምት አይደለም። በሌላ በኩል የጅማ ዝናብ ያበሰበሰው መስክ ኳሷን እንደወደቀች ውጦ ያስቀራታል። ዱባይ ፌርዌዩ ላይ፣ ማለትም ከመደቡ ወደ ጉድጓዱ በሚወስደው የታጨደ ሣር ላይ፣ ትንከባለልልዎታለች። ይሄንና ያንን አጣፍቼ 185 ያርድ ብዬ እይዝልዎታለሁ። አይክፋዎት። የጎልፍን ሕግ ከሚያወጡት አንዱ የሆነው አር ኤንድ ኤ እንግሊዝ አገር ሲለካ የአማተር ወንዶች አማካይ ወደ 215 ያርድ ነበር። 300 የሚመቱት በአሜሪካው የፕሮፌሽናሎች ውድድር፣ በፒጂኤ ቱር፣ የሚጫወቱት ናቸው፤ እነሱም በአማካይ ነው።

የእኔን 185 ማመን የለብዎትም። ከመሄድዎ በፊት ራስዎ ይለኩ። ደልዳላ ቦታ ይፈልጉ። ያላረጁ፣ አንድ ዓይነት 10 ኳሶች ይያዙ። አሥሩንም ይምቱ። ሁለቱን ምርጦችና ሁለቱን ቆሻሾች ይጣሉ፤ የቀሩትን ስድስት በስልክዎ ካርታ ይለኩና አማካዩን ይውሰዱ። ስልኩ ካስቸገረ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ትዝ ይበልዎት፤ ሙሉ መጠን ያለው ሜዳ ወደ 105 ሜትር ነው፤ 115 ያርድ መሆኑ ነው። ሁለት ቁጥር ለየብቻ ይጻፉ፦ ኳሷ መጀመሪያ መሬት የነካችበትን እና የቆመችበትን። ለመደብ ምርጫ የቆመችበት ይበቃል። ውኃና አሸዋ ለመሻገር ግን የሚሠራው የነካችበት ነው። የመጣውን አማካይ በ1.068 ያካፍሉት፤ የባሕር ዳር ርቀትዎ እሱ ነው።

ኳስ የሚለቅሙልዎ ልጆች እንደሚኖሩ እገምታለሁ። ሁሌም አሉ። እባክዎ ሲመቱ ኳሷ የምትወድቅበት አካባቢ አያቁሟቸው። 46 ግራም የምታክል ደረቅ ነገር በዚያ ፍጥነት ዓይን ላይ ካረፈች ጉዳቱ የዕድሜ ልክ ነው። ከብት የሚጠብቁትንም እንደዚያው። ሁሉም ከኋላዎ ሲሆኑ ነው የሚመቱት። አሥሩን መትተው ሲጨርሱ አብራችሁ ሄዳችሁ ትለቅማላችሁ።

ወደ ካርዱ እንመለስ። በ2011 የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበርና የአሜሪካ ፒጂኤ (የፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር) «ወደ ፊት ቀርባችሁ ምቱ» የሚል ዘመቻ ጀምረው ነበር። በድራይቨር አማካይ ርቀት ላይ የተመሠረተ ሰንጠረዥም አወጡ። 250 ያርድ ለሚመታ ከ6,200 እስከ 6,400 ያርድ ሜዳ ይላል። 225 ለሚመታ ከ5,800 እስከ 6,000። 200 ለሚመታ ከ5,200 እስከ 5,400። 175 ለሚመታ ከ4,400 እስከ 4,600። የእርስዎ 185 በመጨረሻዎቹ ሁለቱ መካከል ነው የሚያርፈው። ስለዚህ በዚያ ሰንጠረዥ ቀዩ ራሱ ይረዝምብዎታል።

ሌላ የተለመደ ዘዴ አለ፤ የድራይቨርን ርቀት በ28 ማባዛት። 185 ሲባዛ በ28 ወደ 5,180 ነው። በ5 ቁጥር አይረን (የብረት ዱላ) መለካት የሚወዱም አሉ፤ እሱን በ36 ነው የሚያባዙት። 140 ያርድ ቢመቱበት 5,040 ይመጣል። በየትኛውም መንገድ ቢያዩት ቁጥሩ 5,000 አካባቢ ነው የሚዞረው፤ ወደ 6,600 የሚወስድ መንገድ የለም። እኔ ከሦስቱ ድራይቨሩን ነው የምመርጠው፤ ጀማሪ 5 ቁጥርን በትክክል የሚመታው ከስንት አንዴ ነው።

ሰማያዊው ለእርስዎ ምን እንደሆነ በሌላ ዓይን ላሳይዎት። 6,600ን ለ185 ያካፍሉት፤ ወደ 36 ይጠጋል። 300 ያርድ የሚመታ ፕሮፌሽናል በዚያው መጠን ይጨነቅ ቢባል 10,700 ያርድ ሜዳ ሊሠራለት ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ ማንም አይሠራም። ከቀዩ ሲመቱ እንኳን ለእሱ 8,600 ያርድ እንደማለት ነው፤ ይሄም በቴሌቪዥን ከሚያዩአቸው የውድድር ሜዳዎች ይረዝማል። «ቀዩ ቀላል ነው» የሚልዎትን ሰው ይሄን ያሳዩት።

አንድ ጉድጓድ እንጫወት። ፓር 4 ነው፤ ከሰማያዊው 410፣ ከቀዩ 310 ያርድ። ፓር 4 ማለት በሁለት ምት ግሪን ላይ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር ላይ) ደርሰው በሁለት ፑት፣ ኳሷን መሬት ለመሬት በማንከባለል፣ ይጨርሳሉ ማለት ነው። ከሰማያዊው ይመታሉ፤ 185። 225 ቀረ። ባለዎት ረጅም ዱላ በደንብ ቢመቱ 150 ይሄዳል። አሁንም 75 ቀረ። ማንም ሳይሳሳት፣ ሁለት ምርጥ ምት መትተው፣ ግሪኑ ገና ሩቅ ነው። ለሦስተኛው ሲቆሙ ጋባዥዎ ፑት ጨርሰው ባንዲራውን ይዘው ይጠብቁዎታል። ከቀዩ ደግሞ 185 ይመታሉ፤ 125 ይቀራል። መካከለኛ አይረን ነው። ይደርሳሉ፣ ወይም ጫፉ ላይ ያርፋሉ። ሜዳውን የነደፈው ሰው ያሰበው ጨዋታ ይሄ ነው። የአሸዋ ጉድጓዶቹን ያስቀመጠው፣ ግሪኑን ያዘነበለው፣ በአይረን ለሚመጣ ኳስ ብሎ ነው። በረጅም ዱላ ዝቅ ብላ የምትመጣ ኳስ እዚያ ግሪን ላይ አትቆምም።

ካርዱ ላይ የማይታይ አደጋም አለ። በረሃ ላይ በተሠሩ ሜዳዎች ከመደቡ እስከ ፌርዌዩ ያለው ቦታ አሸዋ ወይም ውኃ ሊሆን ይችላል። ከኋላው መደብ 180 ያርድ በአየር መሻገር ግድ የሚልበት ጉድጓድ አይጠፋም። የእርስዎ 185 ግን የቆመችበት ነው፤ በአየር የምትሄደው ከዚያ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ኳስ በኳስ ላይ ይጨርሳሉ። ሜዳው ላይ እንደደረሱ ለካዲው (ቦርሳ ለሚሸከመው) ወይም ለጋባዦችዎ «ከቀዩ ትልቁ መሻገሪያ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከአየር ርቀትዎ በላይ ከሆነ ያንን አንዱን ጉድጓድ ዙረው ይጫወቱት።

ርቀት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ችሎታም ይቆጠራል። 270 ያርድ የሚመታ ወጣት አውቃለሁ። ኳሱ ግን ከአሥር አራቱ ጫካ ነው የሚገባው። ሰንጠረዡ ወደ ኋላ ሂድ ይለዋል፤ እኔ ነጩ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከኋላ ሲመታ ጠማማነቱም ለመጠማዘዝ ሰፊ ቦታ ነው የሚያገኘው። የሚያጥር ግን ቀጥ ብሎ የሚመታ፣ ግሪን አካባቢ እጁ የተባ ሰው ደግሞ ሰንጠረዡ ከሚለው ትንሽ ወደ ኋላ ቢሄድ አይጎዳም። ለራስዎ መመዘኛ ይሄን ይያዙ፦ ደህና ከመቱ በኋላ በአብዛኛው ፓር 4 ላይ ሁለተኛው ምትዎ አይረን ከሆነ መደብዎ ልክ ነው። በአራት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ፓር 4 ጉድጓዶች ላይ ሁለተኛው ምት ረጅም ዱላ ካስወጣዎት ወደ ፊት ይምጡ። በሁሉም ላይ ዌጅ የምትባለውን የቅርብ ምት ዱላ ካስያዘዎት ደግሞ ያን ጊዜ አንድ መደብ ወደ ኋላ ይሂዱ። ሁለት ዓመት በግጦሽ መስክ ላይ የተጫወተ ሰው በቅርቡ እዚያ ይደርሳል ብዬ አላስብም።

«ሼም አይሆንም?» ላሉኝ። እኔ ጎልፍን ያወቅኩት አዲስ አበባ ውስጥ ቦርሳ በመሸከም ነው። አንድ ቅዳሜ የያዝኳቸው ሰውዬ ከእንግዶቻቸው ጋር ከኋላው መደብ ካልመታሁ አሉ። አንደኛውን ጉድጓድ በአሥር ምት ወጡ። ሁለተኛው ላይ ሁለት ኳስ ጠፋ። ስድስተኛው ላይ ከኋላችን የመጡት እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ያዩን ጀመር። እንግዶቹ መጀመሪያ «አይዞህ» ይሉ ነበር፤ በኋላ ዝም አሉ። ዘጠነኛው ላይ ሰውዬው ወገቤን አሉና አቆሙ። ቦርሳው ውስጥ አንዲት ኳስ ነበረች የቀረችው። እንግዶቹን ያሰለቻቸው የምቱ ማጠር አልነበረም፤ መጠበቁ ነው። 18 ጉድጓድ ከአራት ሰዓት ብዙ ባይበልጥ ደስ ይላል። የንግድ ወሬ የሚወራው ደግሞ እየተራመዱ ነው፤ ኳስ ፍለጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆነው ውል አይዋዋሉም።

ደግሞ ሁሉም ከአንድ መደብ መምታት የለበትም። በወዳጅነት ጨዋታ አራት ሰው ከአራት መደብ ሊመታ ይችላል። ልዩነቱን ሃንዲካፑ ያስተካክለዋል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የሃንዲካፕ ኢንዴክስዎን (የችሎታዎን ቁጥር) በመደቡ «ስሎፕ» (ለመካከለኛ ተጫዋች ምን ያህል እንደሚከብድ በሚያሳየው ቁጥር) ያባዙና በ113 ያካፍሉ፤ ከዚያ ከኮርስ ሬቲንጉ (ስክራቹ ይጨርስበታል ተብሎ ከሚታሰበው ምት) ላይ ፓሩ ተቀንሶ የቀረው ይጨመራል። ለምሳሌ ኢንዴክስዎ 30 ነው እንበል። ቀዩ ስሎፑ 116፣ ሬቲንጉ 66፣ ፓሩ 72 ቢሆን 25 ምት ይሰጥዎታል። ሰማያዊው 131 እና 72 ቢሆን 35 ምት ነው። አሥር ምት ልዩነት! ስለዚህ ከቀዩ ሲመቱ ማንንም አያታልሉም፤ የሚሰጥዎት ምትም አብሮ ይቀንሳል። ካርዱ ላይ ቀዩ ለወንድ የተመዘነ ሬቲንግ እንዳለው ግን ያረጋግጡ፤ ሬቲንግ ለወንድና ለሴት ለየብቻ ነው የሚወጣው። ኢንዴክስ ከሌለዎት ይሄ ሁሉ ይቅር፤ ከጋባዦችዎ ጋር በቃል ተስማሙ።

ምርጫው የእርስዎ የማይሆንበት ጊዜ አለ። ቀኑ ውድድር ከሆነ መደቡን የሚወስነው አዘጋጁ ነው። ምት እየተቆጠረ በሚደረግ ውድድር ከተመደበልዎት መደብ ውጭ ቢመቱ የሁለት ምት ቅጣት አለ፤ ወደ ትክክለኛው ተመልሰው መምታትም ግዴታ ነው። ሳያርሙ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ከሄዱ ከውድድሩ ይሰረዛሉ። መደብ ማለት ደግሞ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ከእነሱ ወደ ኋላ እስከ ሁለት ዱላ ርዝመት ያለው ቦታ ነው። ኳሷ ሙሉ በሙሉ ከምልክቶቹ ወደ ፊት ከወጣች ከመደቡ ውጭ ናት። ስለዚህ ዛሬውኑ ጽፈው ይጠይቁ፦ ውድድር ነው ወይስ ጨዋታ?

ባለቤትዎ። 150 እርምጃ፣ የሴት እርምጃ ትንሽ አጠር ስለሚል 70 ሳንቲ ሜትር ብንይዘው፣ 105 ሜትር ነው፤ 115 ያርድ። ባሕር ዳር ሲወርዱ 110 እንበለው። ቀስ ብሎ የሚመታ ሰው ከከፍታ የሚያገኘውም የሚያጣውም ያነሰ ነው። በዚያ 5,300 ያርድ መጫወት ቅጣት ነው። ሰንጠረዡ 125 ለሚመታ ከ2,800 እስከ 3,000 ነው የሚለው። እንዲህ ያለ መደብ ካርዱ ላይ የለም፤ ግን መሥራት ይቻላል። ብዙ ሜዳዎች ፌርዌያቸው ላይ እስከ ግሪን የሚቀረውን 100፣ 150 እና 200 ያርድ ያመለክታሉ። ባለቤትዎ ፓር 4ን ከ150ው ምልክት ይጀምሩ። ፓር 5ን 250 ያርድ ሲቀር፣ ፓር 3ን 80 ሲቀር። አሥር ፓር 4፣ አራት ፓር 5፣ አራት ፓር 3 ባለው ሜዳ ድምሩ 2,820 ያርድ ይሆናል። እርስዎ ከቀዩ መትተው እየተራመዱ ሲደርሱ ባለቤትዎ እዚያው ይጀምራሉ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ ከኋላ ያሉት ሁሉ መትተው ሳይጨርሱ ወደ ፊት እንዳይሄዱ።

አሁን ችካሏ። ረጅም ቲ በራሱ ርቀት አይጨምርም። የሚጨምረው ኳሷን ዱላው መሃል ላይ ማግኘት ነው፤ ችካሏ ለዚያ ነው የምትረዳው። ድራይቨሩን ከኳሷ ጀርባ መሬት ላይ ያሳርፉት። የኳሷ ግማሽ ከድራይቨሩ አናት በላይ ከታየ ከፍታው ልክ ነው። ከዚያ በላይ ካደረጓት ዱላው ከሥር ያልፍና ኳሷ ሽቅብ ወጥታ እግርዎ ሥር ትወድቃለች። ለአይረን ከሣሩ በላይ ትንሽ ብቅ ካለች ይበቃታል። 70 ሚሊ ሜትር የሆነችው ለአብዛኛው ሰው ትሆናለች፤ ድራይቨርዎ ጭንቅላቱ ትልቅ ከሆነ 83ቷን ይግዙ። ሕጉ የሚፈቅደው እስከ 101.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያን ያህል አያስፈልግዎትም።

ይቺን ችካል አሜሪካ ውስጥ በ1899 በፓተንት ያስመዘገቧት ጆርጅ ግራንት የጥርስ ሐኪም ነበሩ። በኋላ በ1920ዎቹ ገበያ ላይ አውጥተው ያስለመዷት ዊልያም ሎዌልም የጥርስ ሐኪም ናቸው። ለምን ሁለቱም የጥርስ ሐኪም እንደሆኑ አይጠይቁኝ። ከዚያ በፊት ሰው አሸዋ አርጥቦ፣ በእጁ ቆልሎ፣ ኳሱን እላዩ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ዛሬም አይከለከልም።

ጅማ ላይ ሲለማመዱ መሬቱ ከዝናብ በኋላ ለስላሳ ስለሚሆን ችካሏ ትሰጥማለች፤ ከፍታዋ በየምቱ ይቀያየራል። አንገቷ ላይ በጥፍር ቀለም መስመር ያስምሩባት። መሬቱ እስከ መስመሩ ሲደርስ ያቁሙ። ለአይረን ልምምድ ደግሞ ገንዘብ አያውጡ፤ የለስላሳ ቆርኪ ገልብጠው ኳሷን እላዩ ላይ ያስቀምጡ።